መንጠቆ ያለው መሰላል

ይድረስ ባሕር ማዶ ታስረህ ላለኸው ታላቅ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰውነትህ እንዴት ነው? ያ የሚያምህ ጥርስስ ተወህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከነፋሱ በቀር የሚደበድበን የለም።

አትደንግጥ፣ ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አራት ወር ማታ ማታ ተምሬ ከአሥራ ዘጠኝ ሰው አንደኛ ወጥቻለሁ። አሥራ ስምንቱ አሮጊቶች ናቸው እያሉ የሚያወሩት ምቀኞች ናቸው። መምህርት ሁቦ ጽሕፈትህ ሸርጣን የሄደበት አሸዋ ይመስላል አለችኝ፤ እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ።

የሰፈሩን ወሬ ካልክ፣ መረባችንን ሲበጣጥሱ የነበሩት የውጭ መርከቦች ተመልሰዋል። ያኔ እነሱን እናባርራለን ብለው የወጡት ልጆች ኋላ የባሕር ወንበዴ ሆነው በመኪና ሲንፈላሰሱ፣ ሴቱም ባለሱቁም ሲሽቆጠቆጥላቸው አይተህ የለ? ዛሬ ልጆቹም መኪናውም የሉም። ቱና ዓሣውም ጠፍቷል፤ ሙፎ ቂጣችንን በሻይ እንበላለን።

«መሰላሉን ጀልባዬ ላይ ማን እንደጫነው አጣራልኝ» ብለህ መልእክት ልከህብኛል። ዳኛው፣ ዓሣ አጥማጅ ወንበዴ መርከብ ላይ የሚንጠላጠልበት መንጠቆ ያለው መሰላል ምን ይሠራለታል ብሎ አሥራ አራት ዓመት ፈረደብህ አሉ። እውነቱን ነው፣ ቱና በመሰላል አይወርድም።

አጣራሁ። ያን ሰሞን አንድ ቂል መሰላል ላይ መንጠቆ አስበይዶ፣ ከወንበዴዎቹ ጋር የሚወጣ እንዲመስል ተሸክሞት ይዞር ነበር። የባለሱቁ የዋርሳሜ ልጅ እንድታየው ብሎ ያንተ ጀልባ ላይ አጋደመው። መረብህን ላዩ ላይ ጥለህ በማለዳ ወጣህ፤ ባሕር ላይ ከነመሰላሉ ተያዝክ። ቂሉ ባሕር ረግጦ አያውቅም፤ ገና ማዕበሉን ሲያይ ያስመልሰዋል።

ሽማግሌውን ሺሬን፣ ያ ሰው ሄዶ የኔ ነው ቢል ይፈቱታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አይፈቱትም፣ እሱንም አጠገቡ ያስሩታል አሉኝ። እንዲያም ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። አራተኛውን ራሴ ይዤ ልሂድ ብዬ ለእናታችን አነበብኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣

«አንዱን ወስደውብኛል፤ ሁለተኛውን በእጄ አልሰጣቸውም» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንጣፏን ደጃፉ ላይ አንጥፋ ነው የምትተኛው። እናቴን ተራምጄ እንዴት ልውጣ?

አላህ ቀኑን ያሳጥርልህ፣ ጠባቂዎችህን ያራራልህ። ክንድህንም ያበርታልህ፤ ስትመለስ ለማን ጀርባ እንደሚያስፈልግህ አንተው ታውቃለህ።

ታናሽ ወንድምህ