ለቀኝ ጆሮው የነገርኩት

ኅዳር 4፣ 1999 ዓ.ም.፣ ከሰዓት
ስኳር ግዛ ብዬ ባሌን ደጋግሜ ተጣራሁ። ታደሰ ራዲዮኑን አስጩኾ ተቀምጧል። ዞርም አላለ። ተናድጄ ራሴ ወጣሁ።
ከጡረታ ቦርዱ መልስ መጥቷል። የጉዳት አበሉ ውድቅ። ጆሮውን የጎዳው የባድመ መድፍ ሳይሆን፣ ከዘመቻ መልስ የገባበት ፋብሪካ የሽመና ማሽን ነው ይላል። ይግባኝ እላለሁ አለ። ፋብሪካ ሳይገባ በፊት እንደማይሰማ የሚመሰክር ሰው ያስፈልገዋል። አብረውት የተኮሱት የት እንዳሉ አያውቅም። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ልንገርህ፤ በሆዴ እኔም ቦርዱን አመንኩ።

ኅዳር 11
ሆስፒታል አብሬው ሄድኩ። ቀኝ ጆሮው ጭራሽ የለም። ግራው ይሻላል። የማሽን ጩኸት ሁለቱንም እኩል ነው የሚጎዳው፣ ይሄ የፍንዳታ ነው አለች ሐኪሟ። ለምን ያኔ አልነገርከኝም አልኩት። ፋብሪካው እንዳይመልሰው ፈርቶ ነበር። ኋላ ደግሞ አፈረ።
ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ላንተም ጽፌው አላውቅም። ዘምቶ ሳለ አስወረደኝ። ማርገዜንም አላወቀም፤ ሲመጣ በአካል ልነግረው ብዬ። የመጣ ሰሞን፣ እናቱ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝተው ስለነበር፣ በሹክሹክታ ነገርኩት። በቀኙ ነበርኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጨካኝ አልኩ በልቤ። አልጋ ለየሁ። ይኸው እስከ ዛሬ።

ኅዳር 19
ቦርድ ፊት ቀረብን። ምስክሩ እኔ። ሰብሳቢው በትሕትና ጠየቁኝ፦ ፋብሪካ ሳይገባ እንደማይሰማ በምን አወቁ? ያንን የሹክሹክታ ሌሊት ነገርኳቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አቀረቀሩ። ታዴ አንዴ እኔን አንዴ እነሱን ያያል።
ሳሪስ አቦ ታክሲ ስንጠብቅ፣ "ምን ብለሽ ነው እንዲያ ዝም ያሰኘሻቸው?" አለኝ።
ስላንተ ነው ብዬ አለፍኩት።

ታኅሣሥ 8፣ አመሻሽ
ይግባኙ ተፈቀደ። ታዴ ብርቱካን ገዝቶ ገባ። አንቺ ነሽ ያሸነፍሽልኝ ይላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች የሰሙትን እሱ አልሰማም። ባልሰማው ነገር ይህን ሁሉ ዓመት ቀጣሁት። እሱም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተቀጣ።
አሁን ደጅ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ሄጄ በግራው እቀመጣለሁ። ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ። ጎረቤት ከሰማም ይስማ።