የሠርካዲስ ማድያት

ጥቅምት 5
ጠዋት ቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ተሳለምኩ። ከሰዓት ልጄ ይርጋለም ከዊንጌት መጣች፣ አራስ ልጇን ታቅፋ። ነጠላዋን ስታወርድ ክው አልኩ። ማድያት። ሁለቱ ጉንጯ ላይ፣ ግንባሯ ላይ። ቁርጥ እናቷን፣ ያኔ እሷን ስትወልድ። አፌ መች ያርፋል... «ሠርካዲስ መጣች!» አልኩ። ደስ ብሎኝ እኮ ነው። ከሞተች አራት ዓመት ያላየሁት ፊት...
«አባባ፣ እኔ ሰው ፊት መቅረብ አቅቶኛል፣ እርስዎ ይደሰታሉ?»
ሻዩን እንኳ ሳትጠጣ ሄደች።

ጥቅምት 12
አልመጣችም። እኔም አልደወልኩም። ልጅ ነው ወይስ አባት ቀድሞ የሚደውለው?

ጥቅምት 21
ደወለች። አዲሱ ገበያ ከአንዲት ሴት ቅልቅል ክሬም ገዝታ ኖሯል። ስም የለው፣ ወረቀት የለው። ሳምንት አፈካት። አሁን ተልጧል፣ ያቃጥላል።
«ተይው በቃ።»
«ትቼዋለሁ። እማዬ በሎሚ ታሸው ነበር አይደል? ነገ እሱን ልሞክር ነው።»
ዝም አልኩ። ምን ሆኜ ነው ዝም ያልኩት?

ጥቅምት 22፣ ጠዋት
ያኔ ለሠርካዲስ ሎሚውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አብሮኝ ግንብ የሚሠራው ስለሺ ነው የነገረኝ፣ «እሽላትና ፀሐይ ላይ አስቀምጣት፣ ይለቃል» ብሎ። በዚህ እጄ አሸሁላት። ድንጋይ በሚጠርብ እጅ... ቆሰለ። ሲድን ከበፊቱ ጠቆረ፣ እስክትሞት አለቀቃትም። ሰው ሲጠይቃት «ራሴ ነኝ ያበላሸሁት» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ። አንድ ቀን እንኳ «እኔ ነኝ» አላልኩም።
ደወልኩ። ነገርኳት።
«እማዬ አሳልፋ አልሰጠችዎትም እኮ፣ አባባ።»
«አልሰጠችኝም።»
«እሺ... ሎሚውን ለሻይ አደርገዋለሁ።»

ጥቅምት 30
የቆዳ ሐኪም ዘንድ አብሬ ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ማሸት የለም፣ ሎሚ የለም፣ ቅልቅል የለም አለች። እርግዝና ያመጣዋል፣ ፀሐይ ያባብሰዋል። በየጠዋቱ ሰንስክሪን የሚሉት የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ቢደምንም። ሰፊ ባርኔጣ። ወራት ይፈጃል፣ ቸል ካሉት ይመለሳል።
«እኔ አርባ ዓመት ፀሐይ ላይ ድንጋይ ጠርቤ ምን ሆንኩ?» አልኳት።
«አባቴ፣ መስታወት አይተው ያውቃሉ?»
ይርጋለም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ትንሽ ነው የሳቅኩት።

ታኅሣሥ 18
ለውጥ የለም። «ታገሺ» አልኳት። እኔ ነኝ ታገሺ የምል?

ግንቦት 9
ይርጋለም መጣች። ጉንጯ ጠርቷል፣ ጥላ ብቻ ቀርቶታል።
«እንዴት ነኝ አባባ?»
«ቆንጆ ነሽ።» እናቷን ያላልኳትን።
ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ግን ስትወጣ ሠርካዲስም አብራ የወጣች መሰለኝ... የሠርካዲስን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩ። ፎቶ ቤቱ ማድያቱን አጥፍቶታል፣ ራሷ ለምናው ነበር። ይቺ ማናት? የኔዋ ፊት እንግዲህ የትም የለም። ሳልረሳው ልጻፈው፣ ፊደሌ ቢጣመምም። ግራ ጉንጯ ላይ ሰፊ፣ ወደ ጆሮዋ የሚሄድ። ቀኙ ያንሳል። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ቀጭን። ግንባሯ ላይ ሁለት ነው፣ መሃሉ ንጹሕ።
እዚያ ንጹሑ ላይ ብቻ ነበር የምስማት።