አንቺ ያላልሽው

እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ?

ለሥራ በመጣሁበት ከተማ፣ የአንዲት ጋዜጣ የትምህርት ዘጋቢ ቢሮ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ይህን ፖስትካርድ የምጽፍልሽ። እኛ ከተማ ጋዜጠኛው የሰጠሁትን መግለጫ እንዳለ ያወጣልኛል። ይቺ ግን ድርጅታችን እናንተ ትምህርት ቤት ስላስገባው ታብሌት የጻፍኩትን መግለጫ ሳታነብ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችበትና፣ «በዚህ የሚያስተምር ሰው ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«የልብ ጓደኛዬ አለች» አልኳት።

«ምን ትላለች?»

አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። «ተማሪዎቿ በጣም ወደውታል» ብዬ ቀጠፍኩ። ወዲያው ስልክ ቁጥርሽን ተቀበለችኝ።

ደውዬ እንዳልነግርሽ አፈርኩ። ካርዱ ቀድሟት ከደረሰ እውነቱን ንገሪያት፤ እኔን ለማዳን አትድከሚ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ቦታ አለቀብኝ። ለመሆኑ፣ ታብሌቱ እንዴት ነው?