ጭፈራውን ትቼ ፊዚክስ አስተማርኩ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ ስትወጪ ታርፊያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ አልሰማ ብለሽ ትሮጫለሽ? ልጆቼስ አላስቸገሩሽም? እኔ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ የጎደለኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው።

ለሦስት ወር ልምድ ልቀስም ባሕር ማዶ የመጣሁበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ከክፍል ኋላ አስቀምጦ ተመልከቺ አለኝ። ተማሪዎቹ ሃያ አንድ ብቻ ናቸው፤ የእኔን ሰባ ስምንት ሳስብ የቀሩት ገና በመንገድ ላይ ያሉ ይመስለኛል። የገረመኝ ግን የቤተ ሙከራ ዕቃቸው አይደለም። የፊዚክስ አስተማሪው ሽበታም ሰውዬ ጥያቄ ይጠይቅና እጁን ኪሱ ከቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዓቱ አለቀ እያልኩ ራሴው ጠይቄ ራሴው ስመልስ መኖሬ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ።

ባለፈው ሳምንት እንደ እኔ ለልምድ የሚመጡትን መምህራን የምትይዘው አስተባባሪያችን ጠራችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ብርዱ ሲጠናብኝ ካፖርት ፈልጋ ያመጣችልኝም እሷ ናት። በእንግዶች ቀን የአገሬን ልብስ ለብሼ እንድጨፍር ነገረችኝ። በሠርግሽ ቀን ስጨፍር አክስታችን ወገቧን አሟት ነው ወይ ብላ መጠየቋን አንቺ አትረሺም፤ ግን እምቢ ያሰኘኝ እሱ አይደለም። ከእኔ በፊት የመጣችው መምህርት ጨፍራ፣ ተጨብጭቦላት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳታስተምር መመለሷን ሰምቼ ነበር።

«እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡኝ» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። የምስክር ወረቀቴን የምትፈርመው እሷ ናት፤ ያን ሳልይዝ ብመለስ ደግሞ ከትምህርት ቤታችን ሌላ መምህር የመምጣት ዕድል አይኖረውም። ቢሆንም ቃሌን አላጠፍኩም። ሁለት ቀን አስባበት፣ በእንግዶቹ ፊት ከሆነ ይሁን አለችኝ።

ሁለት እኩል ክሮች ከመስኮቱ ብረት ላይ አንጠለጠልኩና በአንዱ ከባድ ጓጉንቸር፣ በሌላው ትንሽ ቁልፍ አሰርኩ። ቶሎ ቶሎ የሚወዛወዘው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ይወዛወዛል» የሚለውን በቋንቋቸው አበላሽቼው ኖሮ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አረሙኝ፣ ደግሜ አልኩት። ሁሉም ጓጉንቸሩ ነው አሉ። ውዝዋዜውን ቆጠሩ፤ እኩል ሆነ። ለምን አልኩና ዝም አልኩ።

እትዬ፣ ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። እንግዶቹ ይተያያሉ፣ አስተባባሪዋ ሰዓቷን ታያለች፣ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ምላሴን ነክሼ ቆየሁ። በመጨረሻ በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ ተነስታ መጣችና የቁልፉን ክር አሳጠረችው። ቁልፉ ፈጠነ።

«ክብደቱ አይደለም፤ ክሩ ነው» አለች።

ሽበታሙ መምህር ከኋላ መጥቶ ክሩን በገዛ እጁ ሞከረው። አስተባባሪዋም ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ እጄን ይዛ፣ ከእንግዲህ የሚመጡ መምህራን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንዲያስተምሩ እንደምታደርግ ነገረችኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤቴን ሰላም በይልኝ፤ የልጆቹን ደብተር ማየት እንዳይረሳ። ትልቁን ልጄን በርታ በይልኝ፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ተማሪዎቼን መንገድ ላይ ካገኘሽ ደግሞ፣ ስመለስ ጠይቄ ዝም ስል መልሱ የጠፋኝ እንዳይመስላቸው፤ እየጠበቅኋቸው መሆኑን ንገሪያቸው።

ታናሽሽ

ከመምህራን ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር ፲፬ ቀን