ሠንጠረዥ ሦስትን በቃላቸው የያዙት የአምቡላንስ ባለሙያ

ታላቅ እህታችን ኅዳር 9 ቀን 1951 ዓ.ም. የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ከነበሩት አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከጋራዡ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ባለ ሁለት ክፍል ነበር፤ ሞተር በተነሣ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው ሳህን ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ከአራት ልጆች የመጀመሪያ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጨረሻው ልጅ ሲሆን ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው።

በእንዲህ ያለ ቀን የሚነበብ ጽሑፍ ሟችን መልአክ፣ አለቆቻቸውን ደግሞ አባት ማድረግ እንደሚወድ አቅራቢው ያውቃል። ሟች ግን ከማረፋቸው በፊት፣ "ደግ ነበረች፣ ለሁሉም ሳቂታ ነበረች ብለህ ጽፈህ ሰው እንዳታስቅብኝ" ብለው አስጠንቅቀውታል። ስለዚህ እንደነበሩት ይነበብላቸው። ሳቂታ አልነበሩም። ሳይቆጥር አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ይንቁ ነበር፤ በዚህም ምክንያት በሕይወት ዘመናቸው ብዙ ሰው ንቀዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1970 ዓ.ም. ነርስ ማሠልጠኛ ገቡ። ተመርቀው አንድ ዓመት በሆስፒታል የሕሙማን መኝታ ክፍል ካገለገሉ በኋላ፣ በ1973 ዓ.ም. በራሳቸው ጥያቄ ወደ አምቡላንስ አገልግሎት ተዛወሩ። በዚያ ዘመን አምቡላንስ ማለት ሳይረን የተገጠመለት የጭነት መኪና ነበር። ወድቆ የተገኘን ሰው አፋፍሶ መሮጥ እንጂ መንገድ ላይ ማከም የሚባል ነገር በአለቆቹ ዘንድ አይታወቅም፤ ከአለቆቹ አንዱም በሽተኛ ባለበት መኪና ኋላ ተቀምጦ አያውቅምና። እሳቸው በገቡ በሳምንቱ የትምህርት ቤት ደብተር ገዝተው ስልክ የተደወለበትን፣ የደረሱበትን፣ ከበሽተኛው ጋር የተነሡበትንና ሆስፒታል የገቡበትን ሰዓት መመዝገብ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ጓዶቻቸው "እትዬ ስንት ሰዓት" የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ የወጣው ለማላገጥ ነበር፤ እሳቸው ግን ሲጠሩበት አቤት ይሉ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የአራት ቁጥር አምቡላንስ ሾፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት የአንድ ቃሬዛ ሁለት ጫፍ ይዘው ደረጃ ሲወርዱ ነው። ባለቤታቸው በቀን ከሃያ ቃል በላይ የማይናገሩ ሰው በመሆናቸው ትዳሩ ሰላማዊ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1983 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1991 ዓ.ም. የሆነው ነገር ሕይወታቸውን ለወጠው። አንድ መስታወት ቆራጭ በሥራ ላይ ሳለ ትልቅ መስታወት ተሰብሮ ጭኑን ቆረጠውና ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። እህታችን ደርሰው ከቀኑ በስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከቁስሉ በላይ ደም ማቆሚያ አሰሩለት። እንዲህ ያለው ማሰሪያ ነፍስ ያድናል፤ ሰዓቱ ተረስቶ ከቆየ ግን እግሩን ይገድለዋል። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ለተረኛው ሐኪም፣ "ግራ ጭኑ ታስሯል፤ ስድስት ከሃያ ላይ" አሏቸው። ሐኪሙ በስልክ እያወሩ ነበር። "እሺ፣ እሺ" አሉ። ሌላው ሁሉ ወደ ተፈነከተው ጭንቅላት ተረባረበ። እግሩ ላይ ብርድ ልብስ ተጣለበት። ማሰሪያውን ያገኘችው ከአምስት ሰዓት በላይ ቆይቶ አንሶላ ልትቀይር የመጣች ነርስ ናት። እግሩ ተቆረጠ።

ምርመራ ተደረገ ተባለ። የምርመራው ውጤት ለእህታችን የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ "የተሟላ ርክክብ ባለማድረግ" ይላል። ሐኪሙ አልተነገረኝም ብለዋል፤ የሐኪም ቃል ከነርስ ቃል ይከብዳል፣ ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ። ይህን ወረቀት የፈረሙት የአገልግሎቱ ዋና ኃላፊ ጸባያቸው ለስላሳ፣ ከረባታቸው የማይጣመም፣ በሥራ ዘመናቸው ጓንት ሲያጠልቁ ማንም ያላያቸው ሰው ናቸው።

እህታችን ከወር በኋላ መስታወት ቆራጩ ቤት ድረስ ሄደው የሆነውን አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ሰውዬው አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ሰምቶ ጨረሰና፣ "ሐኪሙ እንዳልሰማሽ ካወቅሽ ለምን አልጮኽሽም?" አላቸው። እቤት ተመልሰው ሦስት ቀን የሰዓት ደብተሮቻቸውን አገላበጡ። በአራተኛው ቀን ለሒሳብ መምህሩ ታናሽ ወንድማቸው ደውለው፣ "አንድ ነገር ከስንት ጊዜ ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ማወቅ ብፈልግ ስንት መቁጠር አለብኝ?" ብለው ጠየቁት።

የአምቡላንስ ባለሙያ ለሐኪም በአፉ ከሚነግረው ውስጥ በሽተኛው መዝገብ ላይ የሚጻፈው ስንቱ እንደሆነ ለማጥናት ፈቃድ ጠየቁ። የጥናት ኮሚቴ የሚባለው ደብዳቤያቸውን ስምንት ወር ታቅፎ ተቀመጠ፤ ምናልባት እንቁላል መስሎት ይሆናል። በመጨረሻ ዋና ኃላፊው ቢሮ ተጠሩ።

"እኅቴ፣ ጥናት የሐኪም ሥራ ነው። የአንቺ ሥራ መኪና ላይ ነው" አሏቸው።

"የሚጠፋውም መኪናው በር ላይ ነው፤ ሐኪሞቹ እዚያ አይመጡም" ብለው መለሱ።

ኃላፊው ጥቂት አሰቡና በጥናቱ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ስም የራሳቸው የኃላፊው ከሆነ ፈቃዱ እንደማያስቸግር ገለጹ። ታናሽ ወንድማቸው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። እህታችን ግን "ስሙን ይውሰደው። እኔ የምፈልገው ቁጥሩን ነው" አሉ።

አሥራ አራት ወር ቆጠሩ። ሁለት ባልደረቦቻቸው እየረዷቸው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ርክክብ አዳመጡ፤ የተነገረውን ቦታው ላይ ጽፈው በማግስቱ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። የወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ በወረቀት ስለተሞላ ቤተሰቡ ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ ይበላ ነበር። ከሚነገሩት ዐሥር ነገሮች መዝገብ ላይ የሚደርሱት አራት ሆነው ተገኙ። ደም ማቆሚያ ከታሰረላቸው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች የማሰሪያው ሰዓት የተጻፈላቸው አምስት ብቻ ናቸው። ሐኪሙ ተናጋሪውን የሚያቋርጠው በአማካይ በአሥራ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ነው። ይህ ሁሉ የተጻፈበት ሠንጠረዥ ሦስት ይባላል።

የራሳቸውን ወገንም አልማሩም። ሠንጠረዥ ሁለት የአምቡላንስ ባለሙያዎች ቃሬዛ እየገፉ፣ እየተንጫጩ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደሚናገሩ ያሳያል። ከተሳሳቱት መካከል የራሳቸውንም ሰላሳ ርክክብ አስገብተዋል። ከእነዚያ ውስጥ ሰሚው የሰማውን መልሶ እንዲናገር የጠየቁበት አንድም ጊዜ አልነበረም። ጓዶቻቸው ለወራት አኮረፏቸው። እሳቸውም አላባበሏቸውም።

ግንቦት 1996 ዓ.ም. ጥናቱ በትልቅ ጉባኤ ላይ ቀረበ፤ ያቀረቡት ዋና ኃላፊው ናቸው። አነጋገራቸው ያምር ነበር። ሠንጠረዥ አንድን አሳዩ፣ የአምቡላንስ ባለሙያዎችን ስሕተት የያዘውን ሠንጠረዥ ሁለትን በቀይ ቀለም አስጊጠው አሳዩ፣ ከዚያ ወደ ምስጋና ተሻገሩ። ሰው አጨበጨበ። እህታችን ከመጨረሻው ረድፍ እጃቸውን አወጡ።

"ሠንጠረዥ ሦስት የት ሄደ?"

"በጊዜ እጥረት ምክንያት..." ብለው ኃላፊው ፈገግ አሉ።

"እኔ ጊዜ አለኝ" አሉና ቆመው ሠንጠረዥ ሦስትን ከላይ እስከ ታች፣ ረድፍ በረድፍ በቃላቸው አሉት። ወረቀት አልያዙም። አንድ ሐኪም "ማን ናት?" ሲል ተሰማ። "የቆጠርኩት እኔ ነኝ" አሉና ተቀመጡ። ስብሰባውን ይመሩ የነበሩት አዛውንት ቀዶ ሐኪም መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ልጄ፣ እስቲ ያንን የአሥራ ሰባት ሰከንዱን ድገሚልኝ" አሏቸው።

እኚህ ሴት ቀዶ ሐኪም በሚመሩት ሆስፒታል ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ሥርዓት ጀመሩ። ልቡ የቆመ በሽተኛ ካልሆነ በቀር የአምቡላንስ ባለሙያው ለሠላሳ ሰከንድ ሲናገር ሁሉም እጁን ከበሽተኛው ላይ ያነሣል፤ ሐኪሙም የሰማውን መልሶ ይናገራል። በዓመቱ እህታችን በዕረፍት ቀናቸው እየሄዱ እንደገና ቆጠሩ። ከዐሥሩ ስምንቱ ይጻፍ ጀመር። ከሃያ ሁለት ማሰሪያ የሃያ አንዱ ሰዓት ተጽፏል። "አንዷስ?" እያሉ ሲነጫነጩ ከረሙ።

ዋና ኃላፊው በበኩላቸው ዝም አላሉም። ከጉባኤው በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን እህታችንን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯቸው። የሃያ ሦስት ዓመት የአምቡላንስ ባለሙያ ብርድ ልብስና የኦክስጅን ሲሊንደር እንዲጠብቁ ተደረገ። ለቅሬታ ሰሚ አመለከቱ። ኃላፊው ጥናቱን ራሳቸው እንደሠሩትና እሷ ወረቀት አመላላሽ እንደነበረች ተናገሩ። እህታችን ስሌቱ በማን እጅ እንደተሠራ የሚያውቅ አንድ ምስክር ጠሩ። ምስክሩ በዚያ ሳምንት የርእሰ መምህርነት ሹመት እየጠበቀ ነበርና ስሙ በክስ መዝገብ እንዲገባ አልፈለገም። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ደውሎ "እትዬ፣ አሞኛል" አለ። ብቻቸውን ቀረቡ፤ ተረቱ። ምስክሩ ሹመቱን አገኘ። ያ ሰው ይህን ጽሑፍ ያቀረበው ታናሽ ወንድማቸው ነው። እዚህ የተናቁትን ሁሉ ሲንቅ ራሱን ከረድፉ እንዳላወጣ ይታወቅለት።

ግምጃ ቤት ሁለት ዓመት ቆዩ። ቀዶ ሐኪሟ ጠይቀው ካስመለሷቸው በኋላ እስከ 2006 ዓ.ም. ጡረታቸው ድረስ አዳዲስ የአምቡላንስ ባለሙያዎችን አሠለጠኑ። ተማሪዎቻቸው ይፈሯቸው ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ያነሧቸው ሰዎች ግን እግራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ዋና ኃላፊው በዚያው ጥናት ሜዳልያ ተሸልመው ከፍ ወዳለ ወንበር ወጡ። ሰሞኑን ከበር የሚሰፋ የአበባ ጉንጉንና በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዲታተም የሐዘን መግለጫ ልከዋል። መግለጫው "አብረን ባጠናነው ጥናት" የሚል ቃል ስላለበት ቤተሰቡ መልሶላቸዋል። አበባው በደጅ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪማቸው ዙሪያ ጥምጥም ሲሉባቸው፣ "ስንት ወር?" ብለው ጠየቁ። "ስድስት" ተባሉ። ባለቤታቸው በአሮጌ መኪናቸው ወደ ሕክምና ያመላልሷቸው ነበር፤ እንዳያማቸው እያንዳንዱን ጉድጓድ እየዞሩ በእግረኛ ፍጥነት ይነዳሉ። አንድ ቀን እህታችን፣ "አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አነዳድህ የያዝከው በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ይሞት ነበር" አሏቸው። ባለቤታቸው መኪናውን ዳር አስይዘው አለቀሱ። እህታችን መሪው ላይ ባለው የባለቤታቸው እጅ ላይ እጃቸውን ደረቡ፤ መኪናው እስኪነሣ ድረስም አላነሡም።

በመጨረሻው ወር ታናሽ ወንድማቸው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ስለዚያ ጠዋት ይቅርታ ሊጠይቅ ጀመረ። አላስጨረሱትም።

"ያን ቀን አላመመህም። በስልክ ሰማሁት እኮ፤ ትንፋሽህ ደህና ነበር" አሉት። ቀጥለውም፣ "በል ትራሱን ከፍ አድርግልኝ፤ ነገም ና" አሉ።

በማግስቱ ሄደ። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከቶ አልቀረም።

እህታችን በተወለዱ በ65 ዓመታቸው የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቤታቸው፣ በቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ሦስት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ለሐዘናችን የመጣችሁ ሁሉ እግራችሁን እንቅፋት አይንካው። ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ማንም በማያቋርጣቸውና ማንም በማይዋሻቸው ስፍራ ያሳርፍልን። እኛንም ለቀረልን ዘመን ትንሽ ድፍረት ይስጠን።