ማን ምን እንዳለ

ሰኞ፣ ነሐሴ 13

ዛሬም ተጨቃጨቅን፤ ግን የቴአትሩ ሦስተኛ ክፍል አለቀ። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ለአብዮት በዓል የሚያሳየውን ቴአትር አንድ ሰው ብቻውን እንዳይጽፈው ተስማምተናል። እኔ መምህር ነኝ፣ ፊደል አውቃለሁ፤ ኑሮውን የሚያውቁት የቡድኑ ሰዎች ናቸው። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ ንግግር አጠገብ የተናገረውን ሰው ስም አሰፍራለሁ፣ የማንም ልፋት እንዳይጠፋ። የቡድናችን አባል እትዬ ሣራ ስማቸውን ደብተሩ ላይ ሲያዩ በጣታቸው ነኩት። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የለመዱት ገና ዓምና ነው።

ከሁሉም የበለጠው ንግግር የእሳቸው ነው። ቱላ ገበያ ቆጮ ሊገዙ ሄደው ሳለ ልጃቸው መናኸሪያ ላይ ለውትድርና ታፈሰ። ቴአትሩ ውስጥ ያለችው እናት ምን ትበል ስንል ቀስ ብለው፣ «ልጅ ሰጠሽ ይሉኛል። እኔ አልሰጠሁም። ከገበያ ስመለስ አጣሁት» አሉ። ጻፍኩት።

ረቡዕ 15

የቀበሌው ካድሬ ደብተሩን «እስቲ ልየው» አለኝ። ሰጠሁት። ደስ ብሎኝ ሰጠሁት፣ እኔ ጅል።

ሐሙስ 16

እትዬ ሣራን አብዮት ጥበቃዎች ወሰዷቸው። ካድሬው ምስክር እንኳ አላስፈለገውም፤ ንግግሩም ስሙም ጎን ለጎን ተጽፎለታል። የሰው ልፋት አከብራለሁ ብዬ የክስ መዝገብ አዘጋጅቼ ሰጠሁት። የቡድኑ ሰዎች ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እውነታቸውን ነው፣ የእነሱም ስም እዚያው አለ።

ዓርብ 17

ቀበሌ ካድሬው ዘንድ ሄድኩ። «ጓድ፣ ስሞቹ የተዋናዮች ናቸው፤ ማን የቱን እንደሚናገር ለማስታወስ ነው። የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ» አልኩት። እንዲህ አሳምሬ ዋሽቼ አላውቅም። አየኝ፣ አየኝና፣ «እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ፊት ትደግመዋለህ። ግለሂስ ታደርጋለህ። ከዚያ ትፈታለች» አለኝ።

ከማስተማሩ ያባርሩኝ ይሆን? ፈርቻለሁ።

እሑድ 19

ደገምኩት። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእኔ ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች አንዲት ቃል አላዋጡም» አልኩ። እትዬ ሣራ ከጥበቃው ጎን ተቀምጠው ሰሙኝ። ለምን እንደምዋሽ ማንም አልነገራቸውም። አብረውኝ ሲለፉ የከረሙት ሁሉ አቀርቅረው ቀሩ። ካድሬው የእናትየዋን ንግግር ሰረዘ፣ ቴአትሩ አለፈ፣ «ደራሲ» ተብሎ የእኔ ስም ብቻ ተጻፈበት። አንዱማ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

እትዬ ሣራን ሲፈቷቸው በር ላይ ጠበቅኳቸው። «እንኳን ወጡ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ ከሄደ ወዲህ ከሆዴ የተናገርኩት ያን አንድ ንግግር ብቻ ነው። እሱንም የእኔ ነው አልክ?» አሉኝ።

ጥበቃው አጠገባችን ቆሟል። እውነቱን ብናገር ተመልሰው መግባታቸው ነው።

«አዎ፣ የእኔ ነው» አልኳቸው።

ዛሬ ቤታቸው ያድራሉ።