የቆረጠኝ ጠርሙስ አይደለም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ ደህና ነው? ያቺ ጉንጯን ሳልስማት ጥርስ ያበቀለችው የልጅ ልጄስ? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተወት አደረገሽ ወይ? አሁንም ቆመሽ ነው የምትውዪው ወይስ ቁጭ የሚያስብል ሥራ ተገኘ? እኔ በሕይወት አለሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጎረቤት አማለሁ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ልጄ፣ በስልክ የነገርኩሽ ውሸት ነው። «ጠርሙስ ተሰብሮ እጄን ቆረጠኝ» ስልሽ እንዳላመንሽኝ ያኔውኑ ገብቶኛል። ታላቅ ወንድምሽን ስትጠይቂኝም «ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሄደ» ያልኩሽ ውሸት ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት ደውላ «እናትሽን የቆረጣት አንቺ በላክሽው ድንጋይ የተሳለው ቢላዋ ነው» እንዳለችሽ ራሷ መጥታ ነገረችኝ። ለእሷ ምስጢር መንገርና ገበያ መሃል ቆሞ መጮህ አንድ ነው። «ድንጋዩን የላኩበት እጄ በተቆረጠ» ብለሽ ማልቀስሽንም ሰማሁ። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርሽ። ከሰው አፍ ቁርጥራጩን ከምትለቅሚ ከእናትሽ ሙሉውን ስሚ።

ድንጋዩ በሰው እጅ የደረሰኝ በደህና ነው። ሠላሳ ዓመት ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሥጋ ስበልት የኖርኩ ሴትዮ፣ ነጭና ለስላሳ ሴራሚክ ሳይ ሳቅኩ። «ይሄ ቢላዋ ይስላል ወይስ ሻይ ይጠጣበታል?» አልኩ። የድሮው ድንጋዬ እንደምታውቂው መሃሉ ጎድጉዶ ኮርቻ መስሎ ነበር። ያንቺው ግን ዘይት አይል፣ ምን አይል። እርጥብ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አነጥፌ ድንጋዩን እላዩ አስቀምጣለሁ፤ የቢላዋውን ጀርባ ሁለት ሳንቲም ከሥሩ የሚያስገባ ያህል ቀና አደርግና ከእጀታው አንስቼ እስከ ጫፉ እስበዋለሁ፤ አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ ጎን። ነጩ ድንጋይ ላይ ጥቁር የብረት ትቢያ ይቀራል፤ እሱም በሳሙና ይለቃል። የመጀመሪያውን ስዬ ቲማቲም ላይ ሳስቀምጠው እጄን ሳልጫነው በራሱ ክብደት ገባ። ወሩ ሳይሞላ የሕንጻው ሴቶች ሁሉ ቢላዋቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ደጄን ያንኳኩ ጀመር። ስንቱ አንቺን መርቆሻል መሰለሽ። እና ድንጋዩ የሠራው ጥፋት የለም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

አባትሽ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ከጠፋ በኋላ የነበሩትን ወራት አንቺ አላየሽም። ደብተር ስንሰጠው ወርውሮ ይጥለዋል። አናጢ አይደል፤ ዕድሜ ልኩን የጻፈው ሳንቃና ግድግዳ ላይ ነው። እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ ያወጣና አልጋው አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ የፈለገውን ይጽፋል። «ውሃ።» «መስኮቱን ክፈቱ።» «ትራሱን አንሱልኝ።» አንዳንዴም ስድብ፤ እሱን አልጽፍልሽም። ብየዳውን ጥሎ አራት ወር ሙሉ ያጠበው፣ ያገላበጠው፣ በማንኪያ ያጎረሰው ታላቅሽ ነው። ፌንጣ የምንለው ታናሽ ወንድምሽ ግን ርቆ ሄዶ የሰው ሕንጻ ሲቀባ፣ በደወልንለት ቁጥር «በዚህ ሳምንት እመጣለሁ» ሲል ከርሞ፣ አባቱ አፈር ከለበሰ ከሰባት ወር በኋላ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። ታላቅሽ እግዜር ያጽናህ እንኳ አላለውም። የአባትሽን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሳምንት ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ።

ትርፍ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ታላቅሽ ለበር ሥራ ሦስት ቀን ከከተማ ሲወጣ ፌንጣው መጥቶ «እማዬ፣ ያ ክፍል የበሽታ ሽታ ይዟል፤ ልቀባልሽና እንደ አዲስ ይሁን» አለኝ። ሰጠሁት። ልጄ፣ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያ ግድግዳ ትዝ አላለኝም አልልሽም፤ ትዝ ብሎኛል። እኔ ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ቢጠፋልኝ ደስታዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ኩሽና ተቀምጬ እስላለሁ። እጄ ላይ የነበረው ያ ረጅሙ የሥጋ መበለቻ ነው፤ ጡረታ ስወጣ ከሆቴል የሰጡኝ። ታላቅሽ ገባ። «ምንድነው ይሄ የቀለም ሽታ?» አለኝ። «ወንድምህ የአባትህን ክፍል እያሳመረው ነው» አልኩት፤ ደስ የሚለው መስሎኝ እኮ ነው! ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው።

ከዚያ የሰማሁት ጩኸት ከሰው አፍ የወጣ አይመስልም። «የት አለ? ጽሑፉ የት አለ?» ይላል። ፌንጣው መሰላል ላይ ነበር፤ «ቆይ ወንድሜ…» ብሎ ሳይጨርስ ታላቅሽ መሰላሉን በእርግጫ መታው። ልጁ ከነባልዲው ወረደ። ሳይነሳ በቡጢ አፉን አለው፣ ደገመው፣ ሠለሰው። ፌንጣው ደግሞ የወደቀበትን ባልዲ አንስቶ በጆሮ ግንዱ አሳረፈበት። ሁለት ሙሉ ወንድ፣ ቀለም ተለቅልቀው ዓይናቸው ብቻ እየታየ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተሙ ተናንቀው ኩሽናዬ ድረስ መጡ። በልጅነታቸውም ሲጣሉ ታውቂያቸዋለሽ፤ የፌንጣው ጆሮ ጫፍ የተነከሰችው ያኔ ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው። ያኔ ያለቅሱ ነበር፤ አሁን ግን አንዱም ድምፅ አያሰማም፤ የሚሰማው የአጥንት ድምፅ ብቻ ነው። «ኧረ በአባታችሁ አጥንት!» እላለሁ፣ ማን ሊሰማኝ። ጠረጴዛዬ ከነቢላዋው ተገለበጠ። ታላቅሽ ወድቆ እጁን ወለሉ ላይ ሲሰድ ያገኘው ያንን ረጅሙን ነው።

የመጀመሪያው የታናሽሽን ክንድ ከክርኑ እስከ አንጓው ከፈተው። ደሙ እስኪደርስ ለአንድ አፍታ ውስጡ ነጭ ሆኖ ታየኝ። ሁለተኛውን ወደ ሆዱ ሲሰነዝር መሃል ገባሁ። ምን አስበሽ ነው አትበዪኝ፤ ምንም አላሰብኩም። ስለቱን በቀኝ እጄ ጨበጥኩት። መጀመሪያ አያምም ልጄ፤ ይቀዘቅዛል እንጂ። ታላቅሽም ቢላዋውን ከመዳፌ ውስጥ ሳበው። አሁን የምጽፍልሽን ለፖሊስም፣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሲስበው ዓይን ለዓይን እየተያየን ነበር። እኔ መሆኔን እያየ ነው የሳበው።

ከዚያ ቢላዋውን ጥሎ ሮጠ። ከደረጃው ሥር ግን የሕንጻው ወንዶች ጠበቁት። የቧንቧ ሠራተኛው በብረት ቱቦ፣ ሌላው በአካፋ እጀታ፣ ሌላው በጫማው። የገዛ እናቱን አረዳት ተብሎ ተወርቷላ! እጄን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ደሜ በየደረጃው እየተንጠባጠበ ስወርድ፣ ልጄ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ይደበደባል፤ ራሱ ተፈንክቶ ፊቱ አይታወቅም። «ተዉት! ልጄን ገደላችሁት!» ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ ጠፋ። ፌንጣው አልፎኝ ወረደ። ያንን የተከፈተ ክንዱን እያንዠረገገ ሄዶ ታላቁ ላይ ተደፋበት። ሁለት ሦስት ምት በጀርባው ከተቀበለ በኋላ ነው ሰዎቹ የቆሙት። ፖሊስ መጥቶ ሲያነሳቸው ፌንጣው ታላቁ ፊት ላይ ደም የተቀላቀለ ምራቁን ተፋበት። ከላዩ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ መዳፌን ገልጦ አይቶ «ይሄን ቢላዋ ማን ነው የሳለው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «ዱልዱም ቢሆን ኖሮ ጅማቱን ቦጫጭቆት ምንም የሚሰፋ አላገኝም ነበር» አለ። እና ራስሽን ስትረግሚ ይሄንንም አስቢ። ቢሆንም ሁለቱ ጣቶቼ አይታጠፉም፤ ሌባ ጣቴ ትንሽ ትንሽ ይታዘዘኛል። የታናሽሽ ክንድ ሃያ ስድስት ቦታ ተሰፍቶ ድኗል፤ ሁለት የፊት ጥርሱን ግን አጥቷል።

ፖሊሷ አልጋዬ ድረስ መጥታ ጠየቀችኝ። ከእኔ በፊት ፌንጣው «ሽንኩርት ስንከትፍ አዳልጦን ነው» ብሏታል። ሽንኩርት! እሷም ብትሆን በሳቅ ልትፈነዳ ነበር። እኔ እውነቱን ተናገርኩ፣ ያቺን ዓይን ለዓይን መተያየታችንን ብቻ አስቀርቼ። ዘመድ ሁሉ «የማህፀንሽን ፍሬ በገዛ አፍሽ አሳሰርሽ» ብሎ ወቀሰኝ። እኔ ግን ለዚያ ሁሉ ደም ሽንኩርት ማለት አቃተኝ። ዳኛዋ ስድስት ወር ፈረደችበት።

ፌንጣው ከሆስፒታል እንደወጣ በአንድ እጁ የአሸዋ ወረቀት ይዞ ግድግዳውን ይፍቅ ጀመር። ቀለሙ ሲለቅ እርሳሱም አብሮ ይለቃል፤ ሳምንት ሙሉ ፍቆ ያገኘው ሲሚንቶ ነው። «ተው ልጄ፣ ሳታውቅ ነው» ስለው አቧራው ውስጥ ተቀመጠና «አውቄ ነው እማዬ፤ ከመቅባቴ በፊት አንብቤዋለሁ» አለኝ። ከ«ውሃ»ና ከ«ትራሱን አንሱልኝ» መሃል አባትሽ «መጣ?» እያለ ጽፎ ኖሯል። «መጣ?» «ልጁ መጣ?» አሥራ አራት ቦታ ቆጥሮታል። «ያንን እያየሁ እንዴት ልደር? ገደለኝ፤ ስለዚህ ቀባሁት» አለኝ።

ይሄን ይዤ እስር ቤት ሄድኩ። ታላቅሽ ሁለቴ አልወጣም ብሎ መልሶኛል፤ በሦስተኛው ወጣ። ሳልጠይቀው እሱ ቀደመኝ። «ያንን ክፍል የቆለፍኩት ለምን ይመስልሻል? ግድግዳውን አንድ ቀን አንገቱን ይዤ አንድ በአንድ ላስነብበው ነበር» አለኝ። «ከመቅባቱ በፊት አንብቦታል» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግንባሩን ከብረት ፍርግርጉ ጋር አጋጨው፤ ደግሞ ደግሞ አጋጨው፣ ጠባቂዎቹ ተረባርበው እስኪይዙት። የብረቱ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በሚቀጥለው ወር ይፈታል። ዘመድ ሁሉ «አስታርቀሽ ወደ ቤት አስገቢው» ይለኛል። እኔ ግን በቧንቧ ሠራተኛው መጋዘን ጀርባ አንዲት ክፍል ለምኜ አግኝቼለታለሁ። ያ በብረት ቱቦ የቀጠቀጠው ሰው ነው የሰጠኝ፤ ፊቱን አዙሮ «ይግባ» አለ። ምግቡን አመላልሳለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ እስክሞት እናቱ ነኝ። እኔ በምተኛበት ቤት ግን አይተኛም። ይሄን ሄጄ በፍርግርጉ በኩል ነገርኩት። «ምነው እማዬ?» አለኝ። «ፈራሁህ» አልኩት። ከማህፀኔ የወጣን ልጅ እንዲህ እለዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አልተቆጣም፤ «እሺ» ብቻ ብሎ ገባ። ከተሳሳትኩ አንቺ ንገሪኝ፤ የሌሎቹን ምክር ጠግቤያለሁ።

ድንጋዩን አልጣልኩትም። ፌንጣው ሲያየው ክፍሉን ጥሎ ይወጣል፤ ሴቶቹም ቢላዋ ይዘው መምጣት ትተዋል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በግራ እጄ እለማመዳለሁ፤ ትናንት አንዷን ትንሽ ቢላዋ ጎመን እስክትቆርጥ አድርሻታለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ሲያስነጥስ ሕንጻው የሚነቃነቀው አሁንም ነው ወይ? የልጅ ልጄን እጇን ሳሚልኝ፤ ጉንጯን እኔ ራሴ መጥቼ እስክስመው ይቆየኝ። የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት ሰላም ብላሻለች፤ ደውላ ስለነገረችሽ እንዳትቀየሚያት፣ እኔን ከውሸት ገላግላኛለች። ፌንጣው አጠገቤ ቆሞ «ጥርሴን ላስተክል ነው በያት» እያለ ነው፤ ናፍቀሽዋል። ታላቅሽ ሰላም በያት አላለኝም። እኔ ግን ከእሱም ብዬ ጽፌያለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ

ከቤታችን፣ ከኩሽናው መስኮት አጠገብ
መጋቢት ፱ ቀን